ዘይት ያጣው በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ልጻፈው አልጻፈው ስል ሻዩ ቀዘቀዘ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ስለሆነ ነው። ድምፅ መሥራት እየተማርኩ ነው። መዝፈን ማለቴ አይደለም፤ እኔና ዘፈን የት እንተዋወቃለን። ሞጁላር ሲንተሲስ ይባላል። ስሙን ስጠራው የሰው ቀሚስ የለበስኩ ይመስለኛል።

ላፕቶፑ ላይ ሳጥኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ሳጥን ቀዳዳዎች አሉት። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ገመድ እጎትታለሁ። አንዱ ሳጥን ጥሬውን ድምፅ ያወጣል። ሁለተኛው፣ ፊልተር የሚሉት፣ እንደ ወንፊት ያጣራዋል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚያልቅ ያዛል። ገመዱ ሥዕል ነው እንጂ እውነተኛ አይደለም፤ ስለቀው ግን ይወዛወዛል። መጀመሪያ የወደድኩት እሱን ነው።

ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው። መምህሩ ፊታቸውን አያሳዩም፣ እጃቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ የተሸበሸበ የሽማግሌ እጅ። ሲሳሳቱ «ይቅርታ ልጆቼ፣ ጣቴ ቀደመኝ» ይላሉ። ተማሪዎቹ ግሩፑ ላይ ይጻጻፋሉ፣ ይቀልዳሉ። እኔ እስካሁን አንድ ቃል አልጻፍኩም።

እማዬ ቢሮ የሚያስገባ ነገር የምማር መስሏታል። ለደንበኞቿ ሁሉ «ልጄ እኮ ኮምፒውተር እየተማረች ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም፣ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለሁት። እንዲህ ብዬ ራሴን ሳጽናና ግን አንገቴ ድረስ ይሞቀኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የቤታችን የፊቱ ክፍል ሱቅ ነው። እማዬ ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ጠርዝ እቀመቅማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ። ከሱቁ ኋላ የአባዬ ክፍል ነው፣ መሐላቸው አንድ በር። ከአባዬ ክፍል ጎን ደግሞ የጨርቅ ጥቅሎችና እኔ የምናድርበት ጠባብ ክፍል አለች።

አባዬ የአውቶቡስ መናኸሪያ ጠሪ ነበር። በድምፅ ማጉያ የሚነሱትን አውቶቡሶች የሚጠራው እሱ ነው። ከመጥራቱ በፊት ማይኩን በጥፍሩ ሁለቴ ነካ ነካ ያደርግና «እም» ይላል። ያኔ መናኸሪያው በሙሉ ቀና ይላል። ትንሽ ሳለሁ እግሩ ሥር ተቀምጬ እሰማው ነበር። «መጀመሪያ መቆሚያውን፣ ከዚያ ሰዓቱን፣ አገሩን መጨረሻ» ይለኝ ነበር። «ሰው የሚሄድበትን አገር አንዴ ከሰማ ሻንጣውን ያነሳል እንጂ ሌላ ነገር አይሰማም። የት እንደሚሳፈር ሳያውቅ ይሮጣል።» እኔን ደግሞ ስናገር ድምፄ ስለማይሰማ ሹክሹክታ ብሎ ነበር የሚጠራኝ። የጠሪ ልጅ ሆነሽ ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

አምና ስትሮክ ግማሽ ጎኑን መታው፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ። አሁን ያለችው አንድ ድምፅ ናት። ከጉሮሮው ትነሳለች፣ መሐል ላይ ትሰነጠቃለች፣ መጨረሻዋ ላይ ትጮኻለች። ውሃ ሲፈልግም ያቺው፣ ሲያመውም ያቺው፣ ዜናው ሲቋረጥበትም ያቺው። እኔም ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም።

ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ሲስተር ድምፁን እንዳንከለክለው ትነግረናለች። «እንደ እግር ናት፣ ካልረገጡባት ትሰንፋለች። ይጩህ። ከዚህች ድምፅ ነው ቃል የሚወጣው፤ ከተዋት ግን አትመለስም» ትላለች። እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም እነቀንቃለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዜናውን ከላፕቶፑ እከፍትለታለሁ። ትራሱ አጠገብ ትንሽ ስፒከር አለችው፣ ያለ ገመድ የምትሠራ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ልጇን የምትድር ደንበኛ አለችን፤ የሙሽራዋ እናት ዛሬ ለልብስ ልኬት መጥታ ነበር። የራሷን፣ የሴት ልጇንና የእህቶቿን ልብስ ሁሉ እኛ ጋ ነው የምታሠራው፤ እማዬ ገና ስሟ ሲነሳ ወንበር ትጠርጋለች። ሴትየዋ ክንዷን ዘርግታ ስትለካ አባዬ ጠራ።

ሴትየዋ ደንገጥ አለች። «ከብት ታስራላችሁ እንዴ?»

እማዬ በከንፈሯ መርፌዎች ይዛ ነበር። አንድ በአንድ አወጣችና «በሩ ነው» አለች። «ዘይት አጥቶ ነው።»

ሴትየዋ ሳቀች። እማዬም ትንሽ ሳቀች። አባዬ ዝም አለ።

በጣም ተናደድኩ። የገዛ ባሏን። ሲስተር ዛሬ ጠዋት ነው ይጩህ ያለችው። ግን ቁልፍ መትከሌን አላቆምኩም። ከዚያ ተነሥቼ የአባዬን በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ነፋስ ስለነበረ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የቤት ሥራ፦ ከቤታችሁ አንድ ድምፅ ቅዱ፣ ማንም እንዳያውቀው አድርጋችሁ ለውጡት።

መምህሩ የድምፅ መታወቂያው አጀማመሩ ላይ ነው አሉ። የደወል ድምፅ አሰሙን። ደወል ነው፣ ማንም ያውቀዋል። የተመታበትን ቅጽበት ቆርጠው ጣሉና የቀረውን አሰሙን። ዋሽንት ቢሉኝ አምን ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መቀስ ቀዳሁ። ካውያው እንፋሎት ሲተፋ ቀዳሁ። የስፌት መኪናውንም። ሁሉንም ሌሎቹ ቀድመውኛል። ግሩፑ ላይ ራሱን ዝገት ብሎ የሰየመ ልጅ አለ፣ የአያቱን ሰው ሠራሽ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ እያንቃጨለ ቀድቷል። «አያቴ ጥርሳቸውን እየፈለጉ ስለሆነ ቶሎ ስሙልኝ» ብሎ ጻፈ። ብቻዬን ሳቅሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ማይኩን በእኔና በአባዬ ክፍል መሐል ያለው ግድግዳ ላይ አስደግፌው ነበር። የግድግዳውን ዝምታ ልቀዳ ፈልጌ ነው። አባዬ ጠራ። ሄጄ ውሃ ሰጠሁት።

ወዲያው አልሄድኩም። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ትንሽ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ደንበኛ የለም፣ እማዬ ክር ልትገዛ ወጥታለች። የእሑዱን ቅጂ ከፈትኩት። ከመጀመሪያው ላይ አንዲት አጭር ነገር አለች፣ ከጩኸቱ በፊት። እንደ ማጉረምረም ያለች፣ አፍ ሳይከፈት የምትወጣ። እስከ ዛሬ አላስተዋልኳትም ነበር። ቆረጥኳት። መምህሩ ያሉት እንደዚያ ነው።

ከዚያ የቀረውን አዘገየሁት፣ ወደ ታች አወረድኩት፣ በፊልተሩ አሳለፍኩት። አጀማመሩን በቀስታ እንዲከፈት አደረግሁት። አንድ ትልቅ የብረት በር ማንም በሌለበት አዳራሽ ውስጥ የሚከፈት መሰለ። አማረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አማረ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ላክሁት። ላፕቶፑን ዘግቼ ጠርዝ ስቀመቅም ቆየሁ። ስመለስ ግሩፑ ሞልቷል። መምህሩ ራሳቸው ይህን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ ብለው ጽፈዋል። ዝገት ደግሞ «ምንድን ነው ምንጩ፣ ንገሪን እንጂ፣ እኔ የአያቴን ጥርስ ሳልደብቅ» አለ።

ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጣቴ ጻፈ፦ «የቤታችን በር ነው። ዘይት አጥቶ።»

ግሩፑ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ዝገት «በራችሁ ከእኔ የተሻለ ይዘፍናል፣ ዘይት እንዳትቀቡት አደራ» ይላል። ሌላ ቀንም ቅጂልን ይላሉ። መምህሩ ከሁላችንም ሥራ ጥቂቱን መርጠዋል፣ የኔም አለበት። ኅዳር 27 በቀጥታ ስንገናኝ የተመረጡት በየተራ ማይካቸውን ከፍተው እንዴት እንደሠሩት ይናገራሉ። እኔ ማይክ ከፍቼ!

የሙሽራዋ እናት ባለችበት ሰዓት አባዬ ሲጠራ እማዬ የስፌት መኪናውን ታስነሳለች፣ የሚሰፋ ነገር ሳይኖር። ጨርቅ የሌለበት መርፌ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት። ለምን እንዲህ ታደርጋለች? አያሳዝናትም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሥራ በዛ። ቀሚሶቹ። ማይክ፣ ማይክ፣ ማይክ። በር ነው ብዬ ነው የምናገረው? ምን ዓይነት በር ነው ቢሉኝስ?

ያን እሑድ የጠበቅሁት ትንሽ ነው። ውሃውን ጠጥቷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አልችልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እጽፈዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የበሩን ድምፅ ለኅዳር 27 ላሻሽለው ተቀመጥኩ። ትልቁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ድምፅ የለም። መምህሩ ድምፅ ሲጠፋ ገመዱን ተከተሉ ይላሉ። ከመጀመሪያው ሳጥን እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ገመድ በጣቴ ተከተልኩ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ፊልተሩ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። የለም። ጨመርኩ። የለም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፣ እንዲደጋገምም አደረግሁት። ማዳመጫው ጆሮዬን ስለደፈነው ከስፌት መኪናው መንቀጥቀጥ በቀር ምንም አይሰማኝም።

እማዬ መጥታ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ነቀለችው።

ጠዋት ዜናውን ከፍቼለት ስፒከሯን ከላፕቶፑ አላላቀቅኳትም ነበር። ገመዱን ሁሉ ተከተልኩ፤ ገመድ የሌላትን ግን አላሰብኳትም። ያ ሁሉ ጊዜ ድምፁ የሚወጣው ከአባዬ ጆሮ ሥር ነው።

ስገባ ስፒከሯ ከትራሱ ወድቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ትጮኻለች። ግራ እጁ ወደ እሷ እንደተዘረጋ ነው። ሊገፋት ሲሞክር ነው የወደቀችው። አጠፋኋት። እማዬ «ይቺ ሬዲዮ አብዳለች» አለች፣ ሌላ አልመሰላትም። ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መምህሩ አጀማመሩን ከቆረጣችሁ ማንም አያውቀውም ብለው ነበር። እሱ አወቀው። ከቆረጥኩትም፣ ካዘገየሁትም፣ ብረት ካደረግሁትም በኋላ የራሱን አወቀ። ስፒከሯን አየ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አየ፣ ከዚያ እኔን። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሲስተር መጣች። ድምፅ እንዲያወጣ ለመነችው፣ እጁን ይዛ «በል እስቲ ለኔ ብለህ» አለችው። አፉን ገጠመ። ወጥታ «ምን ሆኖ ነው? ተቆጣችሁት?» አለች። እማዬ «ማን ይቆጣዋል» አለች። እኔ ካውያውን ልብስ በሌለበት መተኮሻ ላይ አመላልስ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ማታ አልጋው ረጠበ። ነቅቶ ነበር፤ ዓይኑ ክፍት ነው። አልጠራንም። እንዲህ ሆኖ ማደር ከመጥራት ቀለለው።

አንሶላውን ከእማዬ ጋር ስንጨምቅ፣ እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ ድንገት ቆመች። «ያን ዕለት በሩ ነው ያልኩትን ሰምቶኝ ይሆን?» አለችኝ። «ሰምቶኛል። ከዚያ ነው የተዘጋው። አየሽ፣ ምላሴ ነው ሰውየውን የገደለው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ጥቅምት ላይ ነው ያልሽው፣ ከዚያ በኋላም ይጠራ ነበር፣ ከኔ ወዲህ ነው የተወው ማለት ነበረብኝ። የአንሶላውን ውሃ ጨመቅሁ።

ዝም ማለት የሱ በሽታ ነው ወይስ የኔ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እማዬ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስታወራው በግድግዳው ሰማሁ። ይቅር በለኝ ትለዋለች። የኔን ኃጢአት የራሷ አድርጋ ይቅር በለኝ ትላለች። ማይክ አልነበረም። ጆሮዬን ያዝኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ነገርኳት። ስለ መቅዳቱ፣ እስኪጨርስ ስለ መጠበቄ፣ ስለ ስፒከሯ፣ እኔም በር ነው ብዬ ስለ መጻፌ። ቃሉን ከየት እንዳገኘሁት አልነገርኳትም፤ ታውቀዋለች። የሙሽራዋን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመችው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ። «የተወሰደው የሱ ነው። ለሱ ንገሪው።» ደግሞም ቀሚሱን እያየች፦ «የኔንም እኔው እነግረዋለሁ። የየራሳችንን እንሸከም።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ነገርኩት። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገርኩት፣ ምናልባት ግማሹን አልሰማውም። ይቅርታ ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ ግድግዳ ማይኩን ያስደገፍኩበት ነው፣ በኔ በኩል።

ሲስተር ዛሬም መጣች። በዚህ ከቀጠለ የምትመጣበት ምክንያት እንደማይኖር ለእማዬ በሩ ላይ ነገረቻት።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

የሙሽራዋ እናት የመጨረሻውን ልክ ለማየት መጥታ ሱቁ ውስጥ ነበረች። ወደ አባዬ ክፍል ገባሁ። ላፕቶፑን አልያዝኩም። ወለሉ ላይ እግሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ሳለሁ እንደምቀመጠው። የሱን ድምፅ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሰምተውታል፤ የኔን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ይሄ ፍርድ አይደለም ብዬ አሰብኩ። የአልጋውን ብረት በጥፍሬ ሁለቴ ነካሁና «እም» አልኩ። ከዚያ፦

«ወንዝ ማዶ፣ ሦስተኛ መቆሚያ፣ አራት ሰዓት ተኩል።»

የጫጩት ድምፅ ነው የወጣኝ። አባዬ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። ፈራሁ፣ ቶሎ ደገምኩት፤ አሁንም ወንዝ ማዶን አስቀደምኩ። ግራ እጁ አልጋውን መታ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ሦስተኛ ጊዜ ሰዓቱን አስቀድሜ ጠራሁ።

ጮኸ። ለውሃ አይደለም፣ ለሕመም አይደለም። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ተለማማጅ ጠሪ መጥቶ ሰው ሁሉ ወደማያውቀው መቆሚያ እንዲሮጥ ሲያደርግ የሚያሳየው ፊት ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። አገሩን መጨረሻ።

«ሦስተኛ መቆሚያ። አራት ሰዓት ተኩል። ወንዝ ማዶ።»

እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ አይሰማም ሲል እንደሚያደርገው። ጮክ አልኩ። አሁንም እጁን አነሣ። እኔ፣ ሹክሹክታ፣ ቤት የሚያናውጥ ድምፅ አወጣሁ፤ ድምፄ መሐል ላይ ተሰነጠቀ፣ ልክ እንደሱ። ከዚያ እጁን አወረደና በጥፍሩ የአልጋውን ብረት ሁለቴ ነካ። «እም» አለ።

ያቺ የቆረጥኳት ነገር ናት። ለካ በጠራን ቁጥር፣ ውሃ እንኳ ሲለምን፣ መጀመሪያ እሷን ይል ነበር። ሥራውን ትቶ አያውቅም።

ከዚያ ጠራ። ቃል የለውም። ሦስት ቦታ ተከፍሎ ግን መጣ፤ አጭር፣ ከዚያ አጭር፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ረጅም። ቅደም ተከተሉ አልተሳሳተም።

በሩን አልዘጋሁትም ነበር። የሙሽራዋ እናት ሱቅ ውስጥ ሆና «ይኼ በር እስካሁን ዘይት አላገኘም?» ስትል ሰማኋት። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አባዬም ሰምቷል፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ።

እማዬ «በር አይደለም» አለች። «ባለቤቴ ነው። ልጁን ሥራ እያስተማረ ነው።»

ሴትየዋ «ይማርልሽ» አለች። «ኃይለኛ መምህር ነው መሰል።»

መኪናው እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ጨርቅ ነበረው፣ ከድምፁ ይታወቃል።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከመምህሩ ጋር በቀጥታ የምንገናኝበት። ጠዋት ከዜናው በፊት ላፕቶፑን ይዤ አባዬ ጋ እገባለሁ። ስፒከሯን እኔው አገናኝቼ፣ ቅጂውን ሳይቆረጥ፣ ከነአጀማመሩ አሰማዋለሁ። ከዚያ ለተማሪዎቹ ልናገረው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እጁ አልጋውን ከመታ ሁሉንም አጠፋዋለሁ፣ ለመምህሩም የማቀርበው የለኝም እላለሁ። ብረቱን ሁለቴ ከነካ ግን ከአልጋው ሥር ተቀምጬ ማይኩን እከፍታለሁ። መጀመሪያ እንደዋሸሁ እናገራለሁ፣ ከዚያ እንዴት እንደወሰድኩት፣ የማን ድምፅ እንደሆነ መጨረሻ። እሱን ካስቀደምኩ ሌላውን አይሰሙኝም።